የቀንድ አውጣዋ ሳቅ

በዚያ ከተማ ልጅ ያለበት ቤት ሁሉ ቀንድ አውጣዋን ያውቃታል። ቤቷን ጀርባዋ ላይ አዝላ ባሕር ልታይ የተነሳች፣ የካርቱን ፊልም ውስጥ ያለች ትንሽ ቀንድ አውጣ ናት። ጉንዳኑ ቀድሟት ያልፋል፣ እንቁራሪቱ ዘሏት ያልፋል፣ ዝናቡ ራሱ ደርሶባት ጥሏት ይሄዳል። እሷ ከኋላ ከኋላቸው እየተንፏቀቀች «ጠብቁኝ፣ ጠብቁኝ፣ እየመጣሁ ነው» እያለች ትዘፍናለች። ዘፈኑ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ድንገት ሳቅ ያመልጣታል። ለምን እንደምትስቅ ታሪኩ ውስጥ ምንም ምክንያት የለም። ፊልሙን ያየ ሁሉ ግን ያንን ሳቅ ይወደዋል። ልጆች ጥርስ አልቦርሽም ብለው ሲያስቸግሩ እናቶች ሳቋን አስመስለው ይስቁላቸዋል፤ የስልክ መጥሪያ ያደረጉትም አሉ።

ምክንያቱን የሚያውቀው የፊልሙ ክላርኔት ነፊ ነው።

የቀንድ አውጣዋ ድምፅ የገዛ ሴት ልጁ ድምፅ ነው። ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ ቤት ውስጥ ሚጣ ነው የሚሏት። እሱ ለፊልሙ ሙዚቃ ክላርኔት ሊነፋ ሲሄድ የሚጠብቃት ሰው አጥቶ ስቱዲዮ ድረስ ይዟት ሄደ። የሙዚቃው ደራሲ ኮሪደር ላይ ስታንጎራጉር ሰማትና «የምትዘፍነው ይቺ ናት፣ በቃ» አለ። ከመቅረጫ ክፍሉ መስታወት ወዲያ አቆሟት። የጆሮ ማዳመጫው ሰፍቷት በየደቂቃው እየተንሸራተተ አንገቷ ላይ ይወድቃል፣ እሷ እየመለሰች ትዘፍናለች። አባቷ ከመስታወቱ ወዲህ ሆኖ እንዳትፈራ ብሎ ጉንጩን ነፋ፣ ዐይኑንም አንሸዋረረ። በሳቅ ፍርስ አለች። ወዲያው ሳቋን ዋጥ አደረገችና ዘፈኑን ካቆመችበት ቀጠለች። ደራሲው «አይነካም፤ እንዳለ ይሂድ» አለ። እንዳለ ሄደ።

ፊልሙ ወጥቶ ገና የሰው አፍ ላይ ሳለ ሚጣ በደም በሽታ ታመመች። ሐኪም ቤት ብዙ ተመላለሱ፤ አልተረፈችም። ሌላ ልጅ አልነበራቸውም።

ሚስቱ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ፊልሙን ዞር ብላ አላየችውም። ዘፈኑ ከጎረቤት ከተሰማ መስኮት ትዘጋለች፤ ታክሲ ውስጥ ከተከፈተ ሰፈሯ ሳትደርስ ትወርድና በእግሯ ትሄዳለች። እሱስ ልቡ ሌላ ነበር። ብቻውን ሆኖ ሊሰማው ወኔ አጣ እንጂ፣ ሰው መሀል ሆኖ፣ ሥራ ይዞ፣ እንደ ዘበት ድምፅዋ ጆሮው ቢገባ ይመኝ ነበር። ይህንን ለሚስቱ ነግሯት አያውቅም። ሁለቱም ሐዘናቸውን በየፊናቸው ይዘው፣ አንዱ የሌላውን ቁስል እንዳይነካ እየተጠነቀቁ፣ እንደ ደህና ሰው ይኖሩ ነበር።

እንዲህ ሆነው ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ እሱ የሚሠራበት ትልቁ ቴአትር ቤት ቀንድ አውጣዋን በመድረክ ላይ፣ በሙዚቃ ቴአትር ሊያሳይ ነው ተባለ።

«እምቢ በላቸው» አለች ሚስቱ።

«ሥራዬ እኮ ነው።»

«ሌላ ሰው ይንፋላቸው። ክላርኔት የሚነፋ ከከተማው ጠፋ?»

«የሚዘፍነው ሌላ ልጅ ነው አሉ። በሚጣ ድምፅ አይደለም።»

እጇን በፎጣ ስታደርቅ ቆየች። «እንዳልክ» ብላ ወደ መኝታ ቤት ገባች። በእሷ አፍ «እንዳልክ» ማለት ተቀይሜሃለሁ ማለት መሆኑን ያውቃል።

ትርዒቱ ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው የሚታየው፤ ለልጆች እንዲመች። ሙዚቀኞቹ የሚቀመጡት ከመድረኩ ፊት ዝቅ ተደርጎ በተሠራው ቦታ ነው፤ እነሱ «ጉድጓዱ» ይሉታል። ጉድጓዱ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ጀርባውን ለመድረኩ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ኦርኬስትራው መሪ ነው የሚያዞረው። ስለዚህ ክላርኔት ነፊው ከላይ የሚሆነውን አንዱንም አያይም። የሚያየው ተመልካቹን ነው፤ ከመሪው ትከሻ በላይ፣ የፊተኞቹን ረድፎች ፊት፣ ከመድረኩ በሚወርደው ብርሃን ቢጫ የሆነውን። ከጎኑ የሚቀመጠው ከበሮ መቺ ቀልደኛ ነው። መጀመሪያ ቀን ወንበራቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የሚጠብቁትን ወላጆች አየና «ምን ሆነዋል እነዚህ? ጥርስ ሊነቀሉ የተሰለፉ ነው የሚመስሉት» አለው።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ልጆቹ ከካርቶን የተሠራ ቅርፊት ጀርባቸው ላይ አስረው ስለመጡ ወደ ኋላ መደገፍ አቅቷቸዋል። መጋረጃው ተከፈተ፣ ጉንዳኖቹ ጨፈሩ፣ ሕዝቡ አጨበጨበ። ቀንድ አውጣዋን የምትጫወተው ልጅ ብቅ ስትል ጩኸቱ ጣራውን ሊያነሳው ደረሰ። ቀጭን፣ ዐይናፋር ልጅ ናት፤ ልምምድ ላይ የቴአትር ቤቱ ሰዎች «ጭብጦ» የሚል ስም አውጥተውላታል። ጥሩ ትዘፍናለች። እንዲያውም ክላርኔት ነፊው በሙያው ቢጠየቅ ከሚጣ ድምፅ የእሷ ይሻላል ይል ነበር፤ አትዋዥቅም፣ ትንፋሽዋም ረጅም ነው።

ሳቁ ጋ ደረሰች። ሳቀች።

ልክ እንደ ተማረችው፣ ቦታውን ጠብቃ፣ «ሂ ሂ ሂ» አለች። የፊተኛው ረድፍ ፊት ሁሉ ባንዴ ሲጠቁር ታየው። እናቶቹ ፈገግታቸውን ጀምረው መሀል ላይ ተዉት። ከካርቶን ቅርፊቶቹ አንዱ ውስጥ ያለ ልጅ ተነሳና በሙሉ ድምፁ «እንደሱ አይደለም!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተንጫጫ፤ ከኋላም ሌሎች ልጆች ተቀብለው «እንደሱ አይደለም! እንደሱ አይደለም!» ይሉ ጀመር። ጭብጦ ዘፈኑን አላቆመችም፣ ግን ድምፅዋ እየሰለለ ሲሄድ ሙዚቃው ዋጣት።

ሲያልቅ ሰው በየበሩ ሲወጣ የሚለውን ሁሉም ሰማ። «ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ ግን አንጀት ላይ ጠብ አትልም።» «ሳቋ የፕላስቲክ ነው።» አንድ ልጆች እንኳ ያላስከተለ ጎልማሳ ሰው ትኬት ቆራጯ ፊት ቆሞ «እኔ ከከተማው ወዲያ ጫፍ የመጣሁት ያቺን አንዲት ሳቅ ብዬ ነው፣ እመቤት» ይላል፣ እንደ ተዘረፈ ሰው እጁን እያወራጨ። በማግስቱም ያው ሆነ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ልጆቹ ሳቁ ጋ ሳይደርስ ገና ተነስተው ይጠብቁ ጀመር፣ «እንደሱ አይደለም» ለማለት። ጭብጦ ከትርዒቱ በፊት መልበሻ ክፍል ጠረጴዛ ሥር ገብታ አልወጣም አለች። እናቷ ለምናት፣ አባብላት፣ በመጨረሻ እጇን ይዛ ጎትታ አወጣቻት።

አዘጋጁ ወጣት ነው፤ ይህ የመጀመሪያ ትልቅ ሥራው ነበር። ክላርኔት ነፊውን ሻይ ልጋብዝዎት ብሎ ማዶ ካለች ሻይ ቤት ወሰደው። ስኳሩ ሟሙቶ አልቆ እንኳ ማማሰሉን አልተወም።

«ጋሼ፣ እንዴት እንደምጀምረው አላውቅም።»

«ግድ የለም፣ ጀምረው።»

«ተመልካቹ ልጅቷን እምቢ ብሏታል። ጥፋት የለባትም፣ ሰዉ ግን ያንን ሳቅ ጆሮው ውስጥ ይዞ ነው የሚመጣው። እና የፊልሙ ድምፅ አለ። ያቺን አንዲት ዘፈን ብቻ ከፊልሙ ብንከፍታትና ልጅቷ አፏን ብታንቀሳቅስ ብለን...» ቀና ብሎ ሊያየው ፈራ። «እርስዎ እዚያው ፊት ለፊት ቁጭ ብለው ሳሉ፣ ሳልጠይቅዎት ባደርገው ነውር ነው።»

ክላርኔት ነፊው ልቡ ድንግጥ አለ። ከዚያ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ታሽጎ የኖረ ነገር የተከፈተ ያህል ደረቱ ላይ ቀለል አለው።

«ይሁን» አለ።

«ከባለቤትዎ ጋር ቢመካከሩበት...»

«ይሁን አልኩህ እኮ።»

ለሚስቱ አልነገራትም። ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ሲል ቅዳሜ ደረሰ።

ያን ቅዳሜ ክላርኔቱን ደጋግሞ እየወለወለ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀመጠ። ከበሮ መቺው ነገሩን ያውቃልና አልቀለደም፤ ወንበሩን ጠጋ አደረገለት ብቻ። ተራው ደረሰ። መጀመሪያ ክላርኔቱ ብቻውን ይገባል፣ ከዚያ ድምፁ ይከተላል። ነፋ። ከራሱ በላይ ካሉት ትልልቅ የድምፅ ማጉያዎች ሚጣ መጣች።

«ጠብቁኝ፣ ጠብቁኝ፣ እየመጣሁ ነው...»

አዳራሹ እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም። የፊልሙ ልጅ መሆኗ የገባቸው ትልልቆቹ ናቸው፤ አንዷ ሴት እጇን አፏ ላይ ጫነች፣ ባልየው ልጁን ከጭኑ ላይ አንስቶ ወደ ደረቱ አስጠጋው። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ከዚያ ሳቁ መጣ፤ ፍርስ ያለው፣ ወዲያው የተዋጠው። ከአዳራሹ አንድ ትንፋሽ ወጣ፤ ሰው ሁሉ የጠፋ ዕቃውን ኪሱ ውስጥ ያገኘ ይመስል ነበር። ክላርኔት ነፊው እየነፋ እንባው በአፍንጫው ጠርዝ ወርዶ ክላርኔቱ አፍ ላይ ደረሰ፤ ጨው ጨው እያለው ነፋ። መሪው አየው፣ የመምሪያ በትሩን ዝቅ አደረገለት። ሁሉም ሲያበቃ ሕዝቡ ተነስቶ አጨበጨበ፣ እሱም ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ያ ሁሉ ጭብጨባ ለልጁ መሆኑን እያሰበ ተቀመጠ። እንደዚያ ያለ ደስታ ከሞተች ወዲህ አላገኘውም።

ማታ ቤት ሲገባ ሚስቱ አየት አደረገችው። «ምን ሆነሃል? ፊትህ በርቷል።»

«ምንም። ሰው በደንብ ተቀበለን።»

በሳምንቱ ከትርዒቱ በፊት የሙዚቃ መሣሪያዎቹ ክፍል በር ላይ ጭብጦ ጠበቀችው። ከስፖንጅ የተሠራውን ቅርፊት አዝላለች፤ በሩ አላሳልፍ ስላላት ገሚሷ ውጭ ነው።

«ጋሼ፣ የልጅቷ አባት አንተ ነህ አሉኝ።»

«የየቷ ልጅ?»

«የባለድምፅዋ።» ጫማዋን እያየች ነው የምታወራው። «ትቆጣለች?»

«ማን?»

«ልጅህ። በእሷ ድምፅ አፌን ሳንቀሳቅስ።»

እናቷም፣ አዘጋጁም፣ ማንም የሚጣን መሞት ያልነገራት መሆኑ ያኔ ገባው። 

«አትቆጣም፣ የኔ ልጅ።»

«አንድ ቀን ይዘሃት ና። እንዴት እንደሳቀች ታሳየኝ። እኔ ቤት መስታወት ፊት ስሞክረው እምቢ ይለኛል።»

«አሁን እኮ ትልቅ ሆናለች» አለ። «ትምህርት ይበዛባታል። አይመቻትም።»

«እሺ። ሰላም በልልኝ» አለችና ቅርፊቷን በጎን አዙራ ከበሩ ወጣች።

ያን ቀን ከሰዓት ሙሉ፣ ሁለተኛ ደረጃ ብትገባ ዩኒፎርሟ ምን ዓይነት ቀለም ይሆን ነበር የሚል ሐሳብ ከጭንቅላቱ አልወጣ አለው። መንፋት ያለበትን አንድ ቦታም ሳይነፋ አለፈውና መሪው በዐይኑ ገረፈው።

የመጀመሪያዋ ልጅ ድምፅ መመለሱ ከተማውን አዳረሰ። ትኬት ጠፋ። ሰው ከሌላ ከተማ ሳይቀር በአውቶቡስ ይመጣ ጀመር። ተመልካቹም ከሳምንት ሳምንት እየተለወጠ ሄደ። መጀመሪያ ጸጥ ብሎ ይሰማ የነበረው ሰው አብሮ መዝፈን ጀመረ። ቀጥሎ ሳቁ ጋ ሊደረስ ሲል ልጆች ባንድ ድምፅ «ልትስቅ ነው! ልትስቅ ነው!» ማለት ለመዱ። ከዚያ ትልልቆቹም ስልካቸውን ከፍ አድርገው ብርሃኑን እያበሩ መጠበቅ አመጡ። በመጨረሻ ሳቋ ከመምጣቱ አንድ ትንፋሽ ቀደም ብሎ አዳራሹ ሁሉ ራሱ ይስቃል፤ ፈንድሻው ይበተናል፣ ልጆቹ ወንበር ላይ ይዘላሉ፣ እናቶች እንባቸው እስኪመጣ ይንፈቀፈቃሉ። ሁሉም ከልቡ ነው የሚደሰተው። ክፋት የሚባል ነገር በአንዳቸውም ፊት ላይ አልነበረም፤ እሱ ደግሞ ፊታቸውን ከማንም በላይ ያያል።

ነገር ግን የሚጣን ሳቅ መስማት አቃተው። ሳቁ መውጣቱንማ ያውቃል፣ ኖታው ላይ ቦታው አለ። የሚሰማው የሕዝቡን ጩኸት ነው። ጆሮውን ቀስሮ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ዛሬስ ትንሽ ሽራፊዋ ትደርሰኝ ይሆን እያለ ይጠብቃል። አትደርሰውም። ይባስ ብሎ አንድ እሑድ ዘፈኑ አልቆ ጉንዳኖቹ ወደ መድረክ ከተመለሱ በኋላ ነው ልጁ መዝፈኗን ያስተዋለው። ሐሳቡ ክላርኔቱ አፍ ላይ የሚታሰር አዲስ ሸምበቆ መግዛት ላይ ነበር። የልጁ ዘፈን ሲደርስ ክላርኔቱን ከጭኑ ላይ ያነሳል፣ ሲያልቅ ያወርዳል። እንደ ደወል ሆናበት ነበር። ይህን ሲያውቅ ፊቱ አመድ መሰለ። ከበሮ መቺው «አሞሃል እንዴ?» አለው። ራሱን ነቀነቀ ብቻ።

አንድ ማክሰኞ ሚስቱ ከሥራ መጥታ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ፊቱ ቆመች።

«ዛሬ አንዲት ሴት ለልጇ የሳል ሽሮፕ ልትገዛ መጣች» አለች። «ልጁ እያሳለ ይዘፍናል። እናትየው ምን አለችኝ መሰለህ? ‹ቴአትሩን አይተሽዋል? የመጀመሪያዋን ልጅ ድምፅ እኮ መልሰውታል፣ ሂጂ፣ በሳቅ ነው የምትሞቺው› አለችኝ።»

ክላርኔቱን የሚወለውልበትን ጨርቅ አጠፈ።

«ፈቅደህላቸው ነው?»

«አዎ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እምቢ ትይኛለሽ ብዬ።»

«እምቢ እልህ ነበር።» ወንበር ስባ ተቀመጠች። ይጮህብኛል ያለው ሰው ዝም ሲል የሚያስፈራውን ያህል ፈራት። በቀስታ፣ «ትሰማታለህ? በየሳምንቱ?» አለችው።

አልሰማትም፤ ሕዝቡ ይውጣታል፣ እኔም ለምጃታለሁ ብሎ ሊነግራት ይገባ ነበር። ግን ድምፅዋ ውስጥ ቅናት የሚመስል ነገር ሰማ፣ ናፍቆትም። ያንን አይቶ እውነቱን ማውጣት አቃተው።

«እሰማታለሁ» አላት።

«እንግዲያው እኔም ልስማት።»

እሑድ መጣች። ሦስተኛው ረድፍ፣ ዳር ላይ። ለሚጣ የወላጆች ቀን ትለብሰው የነበረውን ኮት ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ተቀምጣለች። ከጎኗ የካርቶን ቅርፊት ያዘለ ልጅ ከእናቱ ጋር አለ። ክላርኔት ነፊው ከመሪው ትከሻ በላይ ሲያያት፣ እንደ ተጋቡ ሰሞን ቆንጆ ሆና ታየችው። መድረኩን አታይም ነበር፤ ዐይኗን ጨፍና ትጠብቃለች።

ክላርኔቱ ገባ። ድምፁ መጣ። የፊተኛው ቃል ላይ ፊቷ ሲፈታ አየ፤ አገጯ ተንቀጠቀጠ፣ ከንፈሯ «ሚጣ» ሲል አነበበው። በሁለተኛው ቃል ላይ አዳራሹ አብሮ መዝፈን ጀመረ። ዐይኗን ገለጠች። ዙሪያዋን አየች። አንገቷን ወደ ፊት አሰገገች፣ እጇን ጆሮዋ ላይ አደረገች፣ ድምፁን ከመሀላቸው ለይታ ልታወጣ። «ልትስቅ ነው! ልትስቅ ነው!» አሉ ልጆቹ። ጎኗ ያለው ልጅ ወንበሩ ላይ ቆመ።

ሚስቱ ተነሳች።

«ዝም በሉ!» አለች። «እባካችሁ ዝም በሉ፣ አንዴ ልስማት!»

አጠገቧ ያሉት ብቻ ናቸው የሰሟት። ከኋላ ያለው ሰው የጨዋታው አንድ ክፍል መስሎት ይበልጥ ሳቀ። «ዝም በሉ!» አለች ደግማ፣ አሁን በእሪታ፤ በዚያችው ቅጽበት አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጎኗ ያለው ልጅ ደንግጦ ማልቀስ ጀመረ። እናቱ አቀፈችውና «እቴ፣ ምን ነካሽ? የልጆች ትርዒት እኮ ነው! የማትወጂ ከሆነ ለምን መጣሽ?» አለቻት። የሚስቱ አፍ ሲከፈት ሲዘጋ ያያል፤ የምትለውን አልሰማም። ሁለት አስተናጋጆች መጥተው በትሕትና ክንዷን ያዙ። ወደ ጉድጓዱ ዞረች። ዐይኗ ዐይኑን አገኘው።

እሱ እየነፋ ነበር። ጣቶቹ ቦታቸውን ያውቃሉ፣ ትንፋሹም ያውቃል። ሚስቱን ክንዷን ይዘው በመተላለፊያው ሲወስዷት፣ የቀንድ አውጣዋን ዜማ እስከ መጨረሻው ኖታ ድረስ አንድም ሳያዛንፍ ነፋው። ሕዝቡ አጨበጨበ።

ቤት ሲደርስ ኮቷን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች።

«አልሰማኋትም» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«ታውቅ ነበር?»

የክላርኔቱን ሳጥን በሩ ጥግ አስቀመጠ። 

«ቁጭ ብለህ ነፋህ» አለችና ተነስታ መኝታ ቤት ገባች።

በማግስቱ ሰኞ አዘጋጁ ቢሮ ሄደ። ግድግዳው ላይ ቀንድ አውጣዋ በትልቁ ተስላ ትስቃለች። «አውጡት» አለው፣ ሳይቀመጥ። «የልጄን ድምፅ አውጡት። ጭብጦ ራሷ ትዝፈን።»

ወጣቱ ከወንበሩ ተነሳ፤ ከልቡ እንዳዘነ ያስታውቃል። «ጋሼ፣ ትናንት የሆነውን ሰምቻለሁ። እርሳቸው መሆናቸውን... ባለቤትዎ መሆናቸውን አስተናጋጆቹ አላወቁም። በጣም ይቅርታ። ግን ድምፁን ማውጣት በእኔ እጅ አይደለም።»

«ፍቀድ ብለህ የጠየቅኸኝ አንተ አይደለህ?»

«ጠይቄዎታለሁ። ድምፁ ግን የፊልሙ ባለቤቶች ነው፤ እነሱ ያኔውኑ ፈቅደዋል። እርስዎን የጠየቅነው ለአክብሮት ነው።» ቀጠለናም «ሕዝቡን ደግሞ ያዩታል። አሁን ባወጣው አዳራሹን ነው የሚያፈርስብኝ» አለ።

«እምቢ ብልህስ ኖሮ? ያኔ?»

አዘጋጁ መስኮቱን አየ። ያ መስኮት ማየት በቂ መልስ ነበር።

ክላርኔት ነፊው ሥራውን ለቀቀ። በቦታው ከሙዚቃ ትምህርት ቤት ገና የወጣች ልጅ ተቀመጠች፤ ከበሮ መቺው ስልክ ደውሎ «ደህና ትነፋለች፣ ግን ቀልዴ አይገባትም» አለው። ትርዒቱ ጊዜው ተራዘመ፤ ቀጥሎም ወደ ሌሎች ከተሞች ሊጓዝ ነው ተባለ። ጭብጦ ተሻላት አሉት። ሕዝቡ ሲስቅ ለእሷ የሚስቅ መስሏታል፤ አፏን አሁን በደስታ ነው የምታንቀሳቅሰው። አንድ ቀን ገበያ ውስጥ ከሩቅ አይታው እጇን አወዛወዘችለት። ሰላምታዬን ነገርካት ወይ ብላ እንዳትጠይቀው ፈርቶ፣ ያላያት መስሎ በሌላ በኩል አለፈ።

ሚስቱ እህቷ ጋ ሄደች። «ትንሽ ልረፍ» ብላ ነበር የሄደችው። ትንሽ የተባለው ረዘመ፤ ብርድ ገባ፤ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ወፍራም ልብሶቿን ልትወስድ መጣች። ሻይ አፈላላት፣ ወጥ ቤት ተቀመጡ። እሱ መላጨት ትቷል።

«ፊልሙን ከፍቼው ነበር» አላት። «ብቻዬን። በሬን ዘግቼ።»

«እና?»

«ሳቁ ጋ ሲደርስ የሚሰማኝ የእነሱ ጩኸት ነው። ብቻዬን ቤቴ ውስጥ ተቀምጬ ያ ሁሉ ሕዝብ ጆሮዬ ውስጥ ይስቃል። ደጋግሜ ከፈትኩት። እሷ የለችበትም።»

ሚስቱ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ያዘች። ልቧ ለእሱ ራርቶ እንደሆነ፣ ራሷን ልታጽናና እንደሆነ አልታወቀም፤ «እኔ አንዲት አለችኝ» አለች።

«ምን?»

«ገላዋን ስትታጠብ ሁልጊዜ ፎጣ ትረሳለች። ከውስጥ ሆና ‹ፎጣ!› ብላ የምትጠራኝ ጥሪ። ያንን ማንም አልቀዳውም፤ ፊልም ውስጥም የለም። እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ፣ ልክ እንደ ትናንት።»

ክላርኔት ነፊው ወንበሩን ወደ እሷ ሳብ አደረገ። «እንዴት ነበር የምትለው?»

አፏን ከፈተች። ጥሪው ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ አየው፤ ዐይኖቿ እንኳ ልጅቷን ለማስመሰል ሰፋ ብለው ነበር። ከዚያ ፊቱን አየች፣ የሚጠብቀውን ፊት፣ ወደ ፊት የሰገገውን አንገት። አፏን ዘጋች።

«አይ» አለች። «ይቺን አልሰጥህም።»

ብርጭቆውን አጥባ ቦታው መለሰችው። ሻንጣዋን አንስታ፣ «ራስህን ጠብቅ፣ ምግብ ብላ» ብላ ወጣች። በሩን ቀስ ብላ ነው የዘጋችው።

ኮቴዋ ደረጃው ላይ እስኪጠፋ አዳመጠ። ከዚያ እሱም ያንን ጥሪ ለማስታወስ ሞከረ፤ እሱም እኮ በዚያ ቤት ነበር የሚኖረው፣ ስንቴ ሰምቶታል። ቃሉን አገኘው። የመታጠቢያ ቤቱ በር፣ ከሥሩ የሚወጣው እንፋሎት፣ እርጥብ እጇ በበሩ ስንጥቅ ወጥታ ስትጠብቅ፣ ሁሉም መጣለት። ድምፁ ግን አልመጣም። እስኪመሽ ተቀምጦ ጠበቀው፤ አልመጣም።